ቅጽ ይፈርዳልን?



ይህን ጽሑፍ የምልክላችሁ ከጅቡቲ ከተማ ነው። እናንተ በአሊ አዴና በሆልሆል ሆናችሁ ይህችን የእጅ ጽሑፍ መጽሔታችንን እየተቀባበላችሁ እንደምታነቡ ዐውቃለሁ። የሚገለብጠውንም ወንድማችንን ድካም እያሰብኩ ነገሬን ለማሳጠር ሞክሬአለሁ። ካላጠረም ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ ጒዳዩ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ዕድል መርምሮ እንዲወስን ሥራ ሲሰጠው፣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ በተሣለለት መንገድ ብቻ መሄድ ይገባዋልን? ወይስ በፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ መንገዱን ራሱ መፈለግ አለበት? ነገሩ የቢሮ ሰዎች ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ከእኛ ከስደተኞች ይበልጥ የሚነካው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሕይወታችን በቅጽ ላይ መጻፍ ከጀመረ ቈይቷልና።

በመጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ፣ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከወሎ ገጠር የመጣች ሴት ቀረበች። ከአገሯ የወጣችበትን ቀን ስትጠየቅ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት» አለች። ለእኛ ከዚህ የበለጠ የጠራ ቀን የለም። ኅዳር 13 ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 22 ቀን ይውላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ተረጐምኩ። ጠያቂው ግን የቀድሞውን መዝገብ ገልጦ ቢመለከት፣ ከእኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ዓመቱን ብቻ ወደ ፈረንጅ ለውጦ፣ ቀኑንና ወሩን ግን እንዳለ «13/3» ብሎ አስመዝግቦት ኖሯል። ኅዳር በእኛ ሦስተኛው ወር ነው። በፈረንጅ ግን 13/3 ማለት ማርች 13 ነው። ሁለቱ ቀኖች ከስምንት ወር በላይ ተራራቁ።

በጠያቂው ጠረጴዛ ላይ ሣጥንና ቀስት የሞላበት አንድ ሥዕል ነበር። ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ «ቀኖቹ ይስማማሉን?» የሚል ጥያቄ አለ። ከጥያቄው ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሁለተኛው «አይስማሙም» ይላል። ሰውየው ጣቱን በሁለተኛው ቀስት ላይ አሳለፈና ወደሚቀጥለው ሣጥን ደረሰ። በዚያ የተጻፈው «ቃሉ አያስተማምንም» የሚል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሴትዮዋ ስትገባ ውሃ አስመጥቶላታል። እኔ ደግሞ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ወዲያው ዐውቄአለሁ። ነገር ግን ለአስተርጓሚ የተሰጠው መመሪያ «የተባለውን ብቻ ተርጉም፤ ከራስህ አትጨምር» ይል ነበር። እኔም አልጨመርኩም። ዝም አልኩ።

ሴትዮዋ የመጨረሻውን መልስ ሳትጠብቅ ወደ ኦቦክ ሄደች ብለው ነገሩኝ። ከኦቦክ ወዲያ ባሕር ነው፤ ያን ባሕር ለመሻገር ስንቱ እንደ ቀረ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ማን በደላት? ጠያቂው ሥዕሉን ተከተለ። እኔ መመሪያዬን ጠበቅሁ። የቀድሞው አስተርጓሚ የሰማውን ወር በቍጥር አስመዘገበ። ሥዕሉን የሣለው ሰው ሴትዮዋን አይቷት አያውቅም። ሁላችንም ሥራችንን ሠርተናል፤ በደሉም ተፈጽሟል። በደል ሳለ በዳይ የሚጠፋበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥዕል ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው፤ ካለፈው ስሕተት ተምሬአለሁ።) ፍራንክ ጊልብሬዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ የጀመረው በግንበኝነት ነው። ግንበኛ አንድ ጡብ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ቈጥሮ፣ 18 የነበረውን እንቅስቃሴ ወደ 5 አወረደው። በ1921 ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ሆኖ የማንኛውንም ሥራ አካሄድ በምልክት የሚያሳይ ሥዕል ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ እየተሻሻለ ከፋብሪካ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮም ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ሣጥን የሚሠራውን ሥራ ያሳያል፤ በማዕዘኑ የቆመ ሣጥን ጥያቄ ነው፤ ቀስት ወዴት እንደሚኬድ ይመራል።

ይህን ሥዕል ለመስደብ አልተነሣሁም። የሆልሆልን የብረት ድልድይ በየቀኑ የምታዩ ሰዎች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ምድር ባቡር ነጠላ ሐዲድ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። የጣቢያው ሹም «ዛሬስ እንደ መሰለኝ ላድርግ» ቢል ሰው ያልቃል። እዚያ ላይ ሥርዓቱ ጥብቅ መሆኑ ምሕረት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ ዓመታት ለሕፃናት ሕመም ያዘጋጁት የምርመራ ሠንጠረዥ እንዲሁ በጥያቄ የሚመራ ነው። የሚያስል ሕፃን ሲመጣ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቈጠራል። ዕድሜው ከ2 ወር በላይ ሆኖ 12 ወር ካልሞላው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ የሳንባ ምች ምልክት ነው። በኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠናቸው በመጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል ነበር፤ ሐኪም በሌለበት ቦታ በዚህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ እየተመሩ የስንት እናት ልጅ አድነዋል። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ሠንጠረዥ ከጥያቄዎቹ በኋላ «ሌላ ችግር ካለ መርምር» የሚል ክፍት ቦታ ትቷል። ያዘጋጁት ሰዎች ሁሉን አስቀድመው እንዳላወቁ ዐውቀዋል ማለት ነው። መልካም ሥዕል የራሱን ዳርቻ ያውቃል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ፒተር ድራከር የተባለው የሥራ አመራር ሊቅ ከ1959 ጀምሮ የዕውቀት ሠራተኛ ስለሚባለው ሰው ብዙ ጽፏል። ከሐሳቦቹ አንዱ እንዲህ ነው። በእጅ ሥራ የሚሠራው ነገር የታወቀ ስለ ሆነ ጥያቄው እንዴት ይሠራ የሚል ነው፤ በዕውቀት ሥራ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሥራው ራሱ ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን በእኔ ታሪክ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሥዕሉ እንዳለው ከሆነ የጠያቂው ሥራ ሁለት ቀኖችን ማስተያየት ነበር። እውነተኛው ሥራ ግን ሴትዮዋ መቼና ስለ ምን ከአገሯ እንደ ወጣች ማወቅ ነው። የፊተኛው ሥራ በደንብ ተሠርቷል፤ የኋለኛው ጨርሶ አልተጀመረም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ይኸ ነው።

በአገራችንም ይህ ነገር ተሞክሯል። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ የተባሉ አሜሪካውያን በ1993 ስለ ሥራ ሂደት ለውጥ መጽሐፍ አወጡ። ሐሳቡ በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ ገባ፤ ቢፒአር የሚለው ስሙም በሰው አፍ ለመደ። የመምሪያ ኀላፊ የነበረው የሥራ ሂደት ባለቤት ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለጒዳዩ ለአንድ ፈቃድ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይንከራተት በነበረበት ቦታ ይህ መልካም ነገር ነው፤ ፈቃድ እንደ ጡብ ነውና አንዱ ከሌላው ብዙ አይለይም። ነገር ግን ያው ለውጥ ለዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ደረሰ። ፈቃድ መስጠትና ሰው ማስተማር አንድ ዓይነት ሥራ ናቸውን? ያልገባው ተማሪ በየትኛው ሣጥን ይገባል? አንዱ የራበው ነው፤ አንዱ አማርኛው የማይገባው ነው፤ አንዱ ደግሞ ጥያቄው ከመምህሩ የጠለቀ ነው። መምህር የሚባለው ሦስቱን ለይቶ የሚያውቀው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ተቃውሞውንም ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ናቸው፤ በአገር ቤት የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከበር ላይ ሻይ እንጠጣለን። ይህን ሐሳቤን ስነግራቸው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፦

«ልጄ፣ ቅጹን አትንካብኝ» አሉኝ። «ቅጽ ሳይኖር ምን ይደረግ እንደ ነበረ አንተ አላየህም። ዘመድ ያለው ቶሎ ገብቶ ይወጣል፤ ዘመድ የሌለው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህ የምታማው ቀስት እኔንም የባለጸጋውንም ልጅ በአንድ መንገድ ያስኬዳል። ሹሙ ፊት አይቶ ይወስን ካልክ፣ ፊቴን የማይወደው የሆነ እንደ ሆነስ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት እውነት ነው» ከማለት በቀር የመለስኩላቸው ነገር አልነበረም። ሌሊቱን ግን ሳስበው አደርኩ። ደጅ የጠና ሰው የሚናገረውን ቃል ያልጠናው ሊንቀው አይገባም። በመጨረሻ ሁለት መልስ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። አንድ መንገድ ለሁሉ መሣሉ ሁሉን እኩል አያደርግም። መንገዱ የተሣለው የሣለው ሰው በሚያውቀው ዓለም ልክ ነው። ሣዩ ዓመት 12 ወር ነው ብሎ ከሣለ፣ ጳጉሜን ላይ የተወለደ ልጅ ልደት የለውም። ቤተ ሰብ አንድ የመጨረሻ ስም አለው ብሎ ከሣለ፣ በእኛ ልማድ አባት፣ እናትና ልጅ በየአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ሦስቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። «ከሌሊቱ በ8 ሰዓት መጡብን» ያለ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ቅጹ ላይ 8 ተብሎ ከተጻፈ ውሸታም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አድልዎ ከሰው ልብ ወጥቶ በቀስት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። በሰው ልብ ያለውን አድልዎ ቢያንስ ፊቱን አይተን እንጠረጥረዋለን፤ በቀስት ውስጥ ያለውን ግን ሥርዓት ነው ብለን እንታዘዘዋለን።

ሁለተኛው መልስ ከቅኔ ቤት የመጣ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው። ይህን ተማሪው መለወጥ አይችልም። በውስጡ የሚያስገባው ምሥጢር ግን የራሱ ነው፤ መምህሩም ነገ ተማሪው ይዞት የሚመጣውን ቅኔ ዛሬ ሊያውቀው አይችልም፤ ሲመጣ ሰምቶ ያርመዋል እንጂ። እንግዲህ የሚጸናና የሚለቀቅ ነገር አብረው መኖር ይችላሉ ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ይጽና፣ የትኛው ይለቀቅ የሚል ነው።

በእኔ አስተያየት የሚጸናው ግዴታ ነው። ማንኛውም ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይሰማ። የተጻፈው ቃሉ ይነበብለት። ቃሉ የሚጋጭ ከመሰለ፣ ከመፈረዱ በፊት «ይህ ከዚያ ጋር እንዴት ይስማማል?» ተብሎ ራሱ ይጠየቅ። ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ይግባኝ የሚልበትም በር ይኑር። ይህን ሁሉ በሣጥንና በቀስት አድርጋችሁ ሣሉት፤ እኔ ራሴ ቀለም አቀብላችኋለሁ። የማይሣለው ግን የመልሱ ትርጉም ነው። እርሱን የሚያመዛዝን ሰው ይሁን፤ ያ ሰው ደግሞ ከተለመደው ሲወጣ ስለ ምን እንደ ወጣ ጽፎ ይፈርምበት። ጋሼ የሚፈሩት የዘመድ ሥራ የሚያድገው ምክንያት በማይጻፍበት ጨለማ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት በ1979 ያወጣው የመመሪያ መጽሐፍ፣ የማስረዳት ሸክሙ በመሠረቱ የአመልካቹ ቢሆንም፣ እውነቱን ፈልጎ የማግኘትና የመመዘን ግዴታ ግን የአመልካቹና የመርማሪው የጋራ ነው ይላል። እውነት ያልሆነ ቃል መገኘቱም ለብቻው ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። እንግዲህ መጽሐፉ ከሰው ጋር ሆነህ ፈልግ ሲል፣ ከመጽሐፉ በኋላ የተሣለው ቀስት አትፈልግ፣ እለፍ ሊል ይችላል። የሚያሳጥር ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስቀረው ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኘውን ነገር ነው።

ሕጉ ራሱ እንዴት እንዳደገ ተመልከቱ። በ1951 በጄኔቭ የወጣው የስደተኞች ስምምነት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1951 በፊት በደረሰ ነገር የተሰደዱትን ብቻ የሚመለከት ነበር። ኋላ ግን ሌሎች ስደተኞች መጡ፤ በሣጥኑ አልገቡም። በ1967 የቀኑ ገደብ ተነሣ። በ1969 ደግሞ የአፍሪካ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ ከውጭ ወረራና ጸጥታን በብርቱ ከሚያናጋ ነገር የሸሸም ሰው ስደተኛ ነው ብለው ሣጥኑን አሰፉት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች «በቅጹ ላይ የለም፤ ስለዚህ ሰውየው ስደተኛ አይደለም» ብለው ቢቀሩ ኖሮ፣ ዛሬ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ስም የለሽ በሆንን ነበር። ሣጥኑ የሰፋው አንድ ሰው በአንድ ቦታ ላይ «ይህ ሰው እውነተኛ ነው፤ ሣጥኑ ነው የጠበበው» ብሎ በመናገሩ ነው። እኔ በዚያን ቀን ያልተናገርኩት ይህን ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ሳስተረጒም አንድ ነገር ማድረግ ጀመርኩ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 13ቱን ወሮቻችንን ከፈረንጅ ወሮች ጋር አስተያይቼ ጻፍኩ። ዓመታዊ በዓላቱን፣ አጽዋማቱን፣ የመኸሩንና የበልጉን ወራት አስገባሁበት። አረፋና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደሙ ስለሚመጡ፣ በየትኛው ዓመት መቼ እንደ ዋሉ ለብቻ ጻፍኩ። ወረቀቱን በጠያቂው አጠገብ በግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ቀስት የለውም። ምንም ነገር አይወስንም። ጠያቂው ቀን ሲምታታበት ዞር ብሎ ያየውና ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። እኛም አስተርጓሚዎቹ ሥራ ስንጨርስ አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጠን፣ በዚያን ቀን በቅጹ አልገባ ያለውን ነገር በአንድ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ የማንንም ስም አናነሣም። አለመግባባት ሲመስለን ደግሞ ለሁለቱም ወገን በግልጽ «ይህ የቀን አቈጣጠር ጒዳይ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት ፈቃድ ጠይቀን አግኝተናል። የዕውቀት ሥራ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው እርዳታ ይህን የመሰለ ነው እላለሁ፤ የሚመለከተው ነገር፣ የሚማከረው ባልንጀራ፣ የማይገጥመውን የሚጽፍበት ደብተርና የመናገር ፈቃድ።

ዛሬ ያ ሥዕል በብዙ አገር በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ቀስቱ እንኳ አይታይም፤ «መሣሪያው አልተቀበለውም» ይባላል። ነገር ግን ወረቀትም ሆነ መሣሪያ ኀፍረት አያውቅም። ቀስትን የሚከተል ሰው ምርጫ ያላደረገ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን መከተልም ምርጫ ነው። እኔ በዚያን ቀን ዝምታን መረጥኩ። መመሪያው አፌን ዘጋው ብል ለራሴ መዋሸት ይሆንብኛል፤ አፌ የእኔ ነበር።

ጋሼ ይህን ሁሉ ካነበብኩላቸው በኋላም በሙሉ አልተስማሙኝም። «ፈርም ያልከው ሹም ፊርማውን የሚያነብበት ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ያለው ከእናንተ መካከል በሚቀጥለው ቅጠል ይጻፍልን፤ የሚቃወመኝም ሳይሳሳ ይቃወመኝ።

እስከዚያው አንድ ልመና አለኝ። በየአገራችሁ ሰው ቀን የሚለይበትን ነገር፣ የገበያ ቀን ይሁን፣ የማኅበር ቀን ይሁን፣ ውሃ የሚሞላበት ወይም ከብት የሚወርድበት ወር ይሁን፣ በወረቀት ቍራጭ ላይ ጽፋችሁ ላኩልኝ። በግድግዳው ወረቀት ላይ ገና ሰፊ ቦታ ቀርቷል።